ግድቡ ለበሩ ነው፦ አንድ ጠበቃ የቢቨር ጎጆ ውስጥ ያገኘው

ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ የሚኖር ጠበቃ ነበር። ከቢቨር ጋር ያገናኘው ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ካለችው ማርኬት ከተማ ጀርባ የብረት ማዕድን ይወጣ ነበር። ማዕድኑን ወደ ሐይቁ የሚያወርድ የባቡር ሐዲድ ሲታሰብ ሞርጋን ገንዘቡን ካስገቡት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሐዲዱ ለሩቅ ሰው ዝግ የነበረውን የሰሜን ሚሺጋን ጫካ ከፈተው። ሰውዬው ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። በ1855 ትራውት ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲል በየደረሰበት የቢቨር ግድብ ይጋረጥበት ጀመር።

ሌላው ሰው ተራግሞ ያልፍ ነበር። ሞርጋን ግን መለካት ያዘ። ለዓመታት እየተመለሰ ግድቡን፣ ኩሬውን፣ ቦዩንና ጎጆውን ለካ። ካርታ ሠራ፣ ፎቶ አስነሳ። አካባቢውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁትን የኦጂብዌ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) አዳኞችና ወጥመድ አጥማጆች ጠየቀ። ያገኘውን በ1868 አሳተመው።

ከዚያ ሰፊ ሥራ እዚህ የምናየው አንዱን ነገር ነው፤ የጎጆውን ውስጥ። ያኔ ማንም በካሜራ ሊያየው የማይችል ቦታ ነበር። ዛሬ ካሜራው አለ፣ ቴርሞሜትሩም አለ። ስለዚህ የጠበቃውን ግኝት በኋላ ከመጣው ጋር እያስተያየን መሄድ እንችላለን።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ቢቨር ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ግማሽ ኑሮው ውሃ ውስጥ የሆነ እንስሳ ነው። የሰሜን አሜሪካው ዝርያ ሲጎለምስ ከ16 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካንማ ናቸው፤ ቀለሙ የሚመጣው ጥርሱን ከሚያጠነክረው ብረት ነው። ዛፍ ገንድሶ ይጥላል፣ ወንዝ ይገድባል፣ ኩሬ ይፈጥራል። በኩሬው መሃል ወይም ዳር የእንጨትና የጭቃ ክምር ይታያል። ቤቱ እሱ ነው።

ከመለካት በፊት የነበረው ወሬ

ስለዚህ ቤት ያልተባለ ነገር አልነበረም። ፎቅ አለው ተባለ። መስኮት አለው ተባለ። ሳሎኑ ለብቻ፣ ጓዳው ለብቻ ነው ተባለ። ቢቨሩ በጅራቱ ጭቃ ተሸክሞ በጅራቱ ግድግዳ ይለስናል የሚለውማ እስከ ዛሬም አልጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። ጭቃውን የሚሸከመው በፊት እጆቹ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው። ጅራቱ ለመዋኘት፣ ሲቀመጥ ለመደገፊያ፣ ስብ ለማከማቸትና ውሃውን በጥፊ መትቶ ለማስጠንቀቅ ነው።

ከሞርጋን ቀደም ብሎ በዚህ ወሬ ላይ የሳቀ ሰው ነበር። ሳሙኤል ሄርን ይባላል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለሃድሰን ቤይ ኩባንያ ሰሜን ካናዳን በእግሩ ያካለለ ተጓዥ። ሄርን በጣም ትልቅ የሆነ አንድ የቢቨር ጎጆ አይቶ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ወደ ደርዘን የሚጠጋ ክፍል አለው። ታዲያ ክፍሎቹ፣ ከሁለት ከሦስቱ በቀር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር የላቸውም። መገናኛቸው ውሃው ብቻ ነው። ሄርን እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን በር ያውቃል፣ የሚገባውም በዚያው ነው ብሎ ገመተ። ግምቱ የማያስኬድ አይደለም። ጎረቤት ናቸው እንጂ የአንድ ቤት ሰዎች አይደሉም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው። ሞርጋን በማርኬት ጀርባ ያገኘው አብዛኛው ጎጆ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ፎቅ የለም። መስኮት የለም። ጓዳም የለም።

ውስጡ

ቢቨር ቤት የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳ አቁሞ ጣሪያ አይከድንም። መጀመሪያ ይከምራል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ። ክምሩ በቂ ሲሆን ከሥር፣ ከውሃው ውስጥ ተነስቶ በጥርሱ እየቆረጠ ወደ ላይ ይገባል። ክፍሉ የተገነባ ሳይሆን የተፈለፈለ ነው። ለዚህ ነው ግድግዳው ከውጭ ሲያዩት የተዝረከረከ፣ ከውስጥ ሲያዩት ግን የተስተካከለ የሚሆነው። ወደ ውስጥ የወጣ እንጨት ካለ ጫፉ ተነክሶ ይወድቃል።

መግቢያው ከውሃ በታች ነው። ሞርጋን በተለይ የተደነቀበት ነገር እዚህ ላይ አለ። በብዙ ጎጆዎች ሁለት ዓይነት መግቢያ አገኘ። አንዱ ጠመዝማዛና ድንገት የሚወርድ ነው፤ እንስሳው ራሱ የሚመላለስበት። ሌላው ቀጥ ያለና ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ነው። ሞርጋን ይህን «የእንጨት መግቢያ» ብሎ ጠራው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቢቨር ለምግብ የሚያስገባው ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት በጠመዝማዛ ዋሻ አይታጠፍም። ለራሱ የሚበቃው መንገድ ለዕቃው አይበቃም፤ ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ቆፈረ።

አንዷን ቅርንጫፍ ብቻ እንከተል። ቢቨሩ በጥርሱ ነክሶ ከውሃው ሥር ይጎትታታል። ከንፈሮቹ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥሙ ውሃ ሳይጠጣ መንከስ ይችላል። በቀጥታው ዋሻ ሽቅብ ይወጣል። የሚደርሰው ዝቅ ካለች፣ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነች መድረክ ላይ ነው። እዚያ ይቆማል። ውሃው ከፀጉሩ እስኪንጠባጠብ ይጠብቃል። ከዚያ በኋለኛው እግሩ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ሁለተኛዋ ጣት ላይ ያለችው ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀች ናት፣ ማበጠሪያው እሷ ነች። ከዕጢው የሚወጣውን ቅባት ፀጉሩ ውስጥ ያሰራጫል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይቀመጥና ቅርንጫፏን በሁለት እጁ ይዞ እያዞረ ልጧን ይልጣል። የሚበላው ልጡን ነው። እንጨቷ ነጭ ሆና ስትቀር እዚያ አትጣልም። በመጣችበት ተመልሳ ትወጣለች፤ ነገ ግድቡ ላይ ወይም ጎጆው ጣሪያ ላይ ትገኛለች።

ከእርጥቧ መድረክ ከፍ ብሎ ዋናው ወለል አለ። መኝታው እሱ ነው። ከውሃው ወለል በላይ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ግን ደረቅ ነው። የተነጠፈበት እንደ ቃጫ የተሰነጣጠቀ እንጨትና ሣር ነው። ቢቨሩ እንጨቱን በጥርሱ እየሸነሸነ ያዘጋጀዋል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ትልቅ ሰው ቢገባ መቀመጥ እንጂ መቆም አይችልም። ቤተሰቡ እላይ በላይ ተጠጋግቶ ይተኛል። አባትና እናት፣ የዘንድሮ ግልገሎች፣ የዓምና ልጆች። ባብዛኛው ከ4 እስከ 8 ነፍስ በአንድ ክፍል።

ሽታውስ? ሰው የሚጠብቀውን ያህል አይደለም። ቢቨር የሚጸዳዳው ውሃ ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚያወጣው ለስላሳ የሆነውን የመጀመሪያ ኩስ ነው፤ እሱንም እዚያው መልሶ ይበላዋል። ሲሰሙት ያስቀይማል፣ ጥንቸልም ግን ያደርገዋል። ልጥ ለመፈጨት ያስቸግራል፤ አንድ ዙር ብቻ አይበቃውም።

ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ጣሪያው ጫፍ ላይ ጭቃ ያልተመረገበት ቦታ አለ፤ እንጨት ለእንጨት ስለሆነ አየር ያሳልፋል። በብርድ ቀን በዚያ በኩል እንፋሎት ሲወጣ ይታያል። አዳኞች ጎጆው ውስጥ ነዋሪ መኖሩን የሚያውቁት አንዱ በዚህ ነው። ብዙ ሰው አየሩ በውሃ ግፊት ታፍኖ የተያዘ ይመስለዋል። አይደለም። ወለሉ ከውሃው በላይ ነው፣ አየሩም የውጭው አየር ነው፤ ከላይ ይገባል፣ ከላይ ይወጣል።

ግድቡ ለምን አስፈለገ?

እዚህ ላይ ነው የሞርጋን ምርመራ ከተራ ገለጻ የሚያልፈው። ግድቡን ከለካ በኋላ ጎጆውን ለካ። ከዚያ ሁለቱን አገናኘ።

ከለካቸው ግድቦች የታወቀው ግራስ ሌክ የሚባለው ሲሆን ርዝመቱ 260 ጫማ አካባቢ ነው፤ ወደ 80 ሜትር። ይህ ሁሉ እንጨትና ጭቃ ለምንድን ነው? ቢቨር ዓሣ አይበላም። ውሃውን ለመጠጥ ብሎም አይደለም። መልሱ ያለው ጎጆው ውስጥ ነው። ወለሉ ከውሃው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። በሩ ደግሞ ከውሃው በታች መሆን አለበት። ውሃው ከፍ ካለ መኝታው ይሰምጣል። ዝቅ ካለ በሩ ይገለጣል፣ ተኩላም ሰተት ብሎ ይገባል። ወንዝ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቀር ይጎድላል። ግድቡ ይህን መዋዠቅ የሚያቆም ነገር ነው። 80 ሜትር ግንባታ የሚጠብቀው የአንዲትን ዋሻ አፍ ነው።

ስለ ቢቨር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግድቡን አድንቆ ጎጆውን እንደ ተጨማሪ ያነሳዋል። እኔ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ወንዙ ጥልቅና ዳርቻው ገደል በሆነበት ቦታ የሚኖር ቢቨር ግድብ አይሠራም። ዳርቻውን ከውሃ በታች ቆፍሮ ይገባል፣ አለቀ። በሩን የሚሸፍን ውሃ ካለ ግድብ አያስፈልግም።

ወለሉ ራሱም እንደ ግድቡ የሚስተካከል ነው። ውሃው ከፍ ብሎ ካስቸገረ ቢቨሩ ጣሪያውን ከውስጥ ይቆርጣል። ያወረደውን እዚያው ወለሉ ላይ ይረግጠዋል። ወለሉ ከፍ ይላል፤ ክፍሉም አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ሳስቶ የቀረውን ጣሪያ ከውጭ እንጨትና ጭቃ ጨምሮ ያወፍረዋል።

ሞርጋን ይህን ሁሉ አይቶ እንስሳው ያስባል ብሎ ተከራከረ። ጠበቃ አይደል፣ ክርክሩ ረጅም ነው። በዘመኑ ብዙው ሰው ነገሩን በደመነፍስ ያሳልፈው ስለነበር አቋሙ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1960ዎቹ ግን ስዊድናዊው ላርስ ቪልሶን ነገሩን በሌላ በኩል ፈተነው። ከወላጅ ተለይተው ያደጉ ቢቨሮች ማንም ሳያሳያቸው ግድብ ሠሩ። የሚፈስ ውሃ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲያሰማቸው ደግሞ በእንጨትና በጭቃ መገንባት ጀመሩ። ውሃ ሳይፈስ! ይህ ለሞርጋን አይመችም። ቢሆንም ወለል ከፍ ማድረግና ለእንጨት የተለየ ዋሻ መቆፈር በድምፅ ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ይዘዋል።

ቴርሞሜትሩና ሰዓቱ ያመጡት

ሞርጋን ሊያውቀው ያልቻለው የበረዶውን ወራት ነው። ኩሬው ሲቀዘቅዝ ጎጆው ይታሸጋል። በረዶ ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ ጣሪያውን አዲስ ጭቃ ይመርገዋል። ጭቃው ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ተኩላ ቢቧጥጠው ጥፍሩን ነው የሚጎዳው። ከበሩ አጠገብ፣ ከውሃው ሥር፣ የቅርንጫፍ ክምር ይቀመጣል። ያ ለወራት የሚበላ ስንቅ ነው።

በ1969 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ቴርሞሜትር ጎጆ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውስጡ ከዜሮ አንድ ዲግሪ አካባቢ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሞቃት ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ነገር ግን ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ውጭ ብርዱ ሲወርድ ሲወጣ ውስጡ እዚያው ነው። ከላይ ወፍራም ግድግዳና በረዶ፣ ከሥር የማይቀዘቅዝ ውሃ፣ መሃል ላይ የቤተሰቡ ትንፋሽና ገላ። ለስንቅ ወደ በረዷማው ውሃ የወረደ ቢቨር ሰውነቱን መልሶ የሚያሞቀው እዚህ ነው።

ሰዓቱ ያመጣው ደግሞ ጉድ ነው። ቢቨር በበጋ ማታ ወጥቶ ንጋት ላይ ይገባል። በረዶና ውርጭ ኩሬውን ሲዘጋው ግን ፀሐይ መውጣቷም መግባቷም ከታች አይታወቅም። በ1974 የወጣው የቦቬና የኧርትሊ ጥናት በዚህ ጊዜ የቤተሰቡ እንቅስቃሴ ምን እንደሚሆን መዘገበ። ቀኑ ተለጠጠ። አንድ የመተኛትና የመነሳት ዙር 24 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከ26 ሰዓት በላይ ሆነ። የነሱ ማታ በየቀኑ ከኛ ማታ ወደኋላ ይቀራል። ቆይቶ ውጭ ቀትር ሲሆን እነሱ ገና ከእንቅልፍ ይነሳሉ። በረዶው ሲቀልጥ ተመልሰው ከፀሐይ ጋር ይገጥማሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እንግዳም ይኖራል። ማስክራት የምትባለው ትንሿ የውሃ አይጥ በቢቨር ጎጆ ውስጥ አብራ ስትኖር በተደጋጋሚ ታይታለች። ባለቤቱ ለምን ዝም እንደሚላት እሱ ያውቃል።

በሩ የሚቆልፍባቸው

ግልገሎቹ የሚወለዱት በግንቦትና በሰኔ ገደማ ነው፤ ባብዛኛው ሦስት ወይም አራት። ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ፀጉር ለብሰው፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ሆነው ይመጣሉ። መዋኘት ወዲያው ይችላሉ። መጥለቅ ግን አይችሉም። ፀጉራቸው አየር ይይዛል፣ ገላቸው ቀላል ነው፤ ውሃው እየገፋ ያንሳፍፋቸዋል። ስለዚህ በዋሻው ወርደው መውጣት አይሆንላቸውም። ተኩላን ውጭ ያስቀረው በር ግልገሉን ውስጥ ያስቀረዋል። አጥር ሳይሠራላቸው ታጠረላቸው።

መግቢያው ጉድጓድ ውስጥ ተንሸራተው የሚገቡበት ጊዜ አለ። ትልልቆቹ በአፋቸው ይዘው ያወጧቸዋል። ወላጆች ሲወጡ የዓምና ልጆች አብረው ይቆያሉ፣ ቅጠልም ያስገቡላቸዋል። በዚህ ወቅት ጎጆው አጠገብ ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው የግልገሎቹን ልቅሶ የሚመስል ድምፅ በግድግዳው በኩል ሊሰማ ይችላል። ከውጭ ሆኖ ስለ ውስጡ በቀጥታ ከሚገኘው ወሬ አንዱ ይኸው ነው።

ከካርታው በኋላ

ሞርጋን ያነሳው ካርታ 64 ግድብና ኩሬ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ኢሽፐሚንግ የምትባለው ከተማ አካባቢ። ካሮል ጆንስተን የተባለች ተመራማሪ ይህን ካርታ በ2014 ከተነሱ የአየር ፎቶዎች ጋር አነጻጸረችው። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቦታዎች አሁንም ተለይተው ይታወቃሉ። የጠፉትን ያጠፋው በአብዛኛው ሰው ነው። ማዕድን ማውጫ ገብቶባቸዋል፣ ቤት ተሠርቶባቸዋል፣ ወንዙ ተስተካክሎ ተቆፍሯል። በመሃሉ በፀጉሩ ንግድ ምክንያት ቢቨሩ ራሱ ከብዙ አገር ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር ሲታሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

ዛሬ ከቢቨር ጋር ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ኩሬው መንገድ ያጥለቀልቃል፣ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። ግድቡን ማፍረስ አይጠቅምም፤ በማግስቱ ተሠርቶ ይገኛል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ግድቡን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቧንቧ ይቀበራል። ውሃው የሚገባበት አፍ ከግድቡ ራቅ ብሎ በሽቦ አጥር ይከበባል፤ ቢቨሩ ፈሳሹን እንዳይሰማና እንዳይደፍነው። ኩሬው የሚቆምበትን ከፍታ የሚወስነው ቧንቧው የሚተከልበት ከፍታ ነው። የሚተክሉት ሰዎች ቢያንስ ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ለቢቨሩ ይተዉለታል፤ የጎጆው በር ተሸፍኖ እንዲቆይ። ከዚያ በታች ከወረደ ቤተሰቡ ወይ ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ ግድብ ይጀምራል።